ሰውየው ይቅር፣ ሸማው ይግባ

«ተረት ተረት» ስላችሁ «የመሠረት» ማለት ነው እንጂ አፍ ከፍቶ እኔን ማየት ምንድን ነው? ዝም ላለ ልጅ ተረት አይወጣም። እ? አሁን ሰማሁ። በሉ ተጠጉ።

መጀመሪያ እኔ ልጠይቃችሁ። ድሮ፣ ድሮ፣ አንድ ጌታ ነበሩ። እልፍኝ ያላቸው፣ በቅሎ ያላቸው፣ «አይሆንም» ካሉ የማይሆን። እኚህ ጌታ ጠጅ ጣያቸውን «አትሄጂም» ማለት ሲችሉ፣ ሦስት ጊዜ «ትቼዋለሁ በይ» እያሉ ለመኗት። ጌታ ሠራተኛውን ስለ ምን ይለምናል? አታውቁም። እሷም አላወቀችም ነበር። ያወቀች ቀን ግን ጉድ ፈላ።

ጌታው ባላምባራስ ውብነህ ይባላሉ። ጠጅ ጣይዋ ደግሞ ትርንጎ። ትርንጎ ባሏ የሞተባት፣ እጇ የተባረከ ሴት ነበረች። እሷ የጣለችውን የቀመሰ ሰው ሌላ ቤት ሲጠጣ ፊቱን ያጨማድዳል። ያለቻት አንዲት ልጅ ናት፤ አልጣሽ። አልጣሽ የሁለት ቀን መንገድ ርቃ፣ ቆላ ወርዳ ተድራ ነበር።

በመስቀል ድግስ ላይ እንግዶቹ ጠጁን አመሰገኑ። ባላምባራሱ ደስ አላቸውና ትርንጎን አስጠሯት። በሦስት ሽማግሌዎች ፊት «የምትፈልጊውን ጠይቂ» አሏት።

«ልጄ የበኩር ልጇን አርግዛለች፤ የምትወልደው በታኅሣሥ ነው» አለች ትርንጎ። «እህቴ በመጀመሪያ ምጧ ነው የሞተችብኝ፤ አጠገቧ ሰው አልነበረም። ከገብርኤል ማግስት ጀምሮ አርባ ቀን ይስጡኝ፤ ልጄን ላዋልዳት፣ እስክትጠነክርም ላስታምማት።»

«ሰጥቻለሁ» አሉ ባላምባራሱ።

«ሰጥተዋል፤ ሰምተናል» አሉ ሽማግሌዎቹ።

ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ። በታኅሣሥ መግቢያ ላይ መልእክተኛ መጣ። «ደጃዝማቹ ከገብርኤል በኋላ በአምስተኛው ቀን እርስዎ ቤት ይውላሉ» አለ። ባላምባራሱ ደነገጡ። ያን ቀን ጠጅ ጣይዋ የለችማ።

አስጠሯት። አዲስ ቀሚስ ከነመቀነቱ አልጋ ላይ ዘርግተው ጠበቋት።

«ትርንጎ፣ ይኼ ቀሚስ ያምርብሻል። ልጅሽ እንደሁ ያለ አንቺም ትወልዳለች፤ ላም እንኳ ትወልዳለች። አንቺው ራስሽ ትቼዋለሁ በይና ውሰጂው።»

ትርንጎ ቀሚሱን ዳሰሰችው። ያምራል። «ጌታዬ፣ ላስብበት» አለችና ባዶ እጇን ወጣች።

ወደ ጓዳ ስትመለስ አንድ ነገር ከነከናት። እኔን ለማስቀረት ቀሚስ ምን አመጣው? አትሄጂም አይሉኝም?

ሳምንት አልሞላም፣ ባላምባራሱ ታመሙ። ሆዳቸውን ይዘው ያቃስታሉ። «ትርንጎ፣ አንቺ ከሄድሽ እኔ አልተርፍም። ይኼ ቤት ያለ አንቺ አንድ ቀን አይቆምም፤ ይፈርሳል። አንቺው ራስሽ ትቼዋለሁ በይና ልዳን።»

ትርንጎ አዘነች። የእውነቷን ነው ያዘነችው። «ጌታዬ፣ ላስብበት» ብላ ወጣችና ኮሶ ወቅጣ፣ በጥብጣ፣ አንድ ዋንጫ ሙሉ ይዛ ተመለሰች። «ሆዱን ለታመመ ሰው ይኼ ነው መድኃኒቱ። ሳይተነፍሱ ይጨልጡት» አለች። ባላምባራሱ ዋንጫውን አዩት፣ አሸተቱት፣ ሳይቀምሱትም ዳኑ። ተነሥተው በቅሏቸውን ሊያዩ ወጡ።

አሁን ትርንጎ ከሐዘኗ ይልቅ ጥያቄዋ በለጠባት። በር ጠባቂው አያ ዳምጤ ዘንድ ሄደች። አያ ዳምጤ አርባ ዓመት በዚያ በር የተቀመጠ ሰው ነው፤ የገባውንም የወጣውንም ያውቃል።

«አያ ዳምጤ፣ አንድ ነገር ንገረኝ። ጌታችን ‘አትሄጂም’ ቢሉኝ እቀር ነበር። ለምንድን ነው እኔው ራሴ እንድተወው የሚለፉት?»

አያ ዳምጤ ሳቀ። «በሽማግሌ ፊት ሰጥተዋላ። የሰጠውን ቃል የበላ ሰው ዋርካው ሥር ተቀምጦ ዳኝነት አያይም፤ እርሳቸው ደግሞ ዳኛ ናቸው። ቃሉ እንዲበላ ይፈልጋሉ፤ በእርሳቸው አፍ ግን አይደለም፣ በአንቺ አፍ ነው። አንቺ ‘ትቼዋለሁ’ ካልሽ እርሳቸው ምን አጠፉ?»

ትርንጎ አፏን በእጇ ያዘች። ይህች አፍ ይህን ያህል ጉልበት እንዳላት አታውቅም ነበር።

በዚያኑ ቀን ሁለት ጋን ጠጅ ጣለች። ሲደርስላት አጠለለችው፣ ጋኑን አሸገችው፣ አቀዳዱንም ለገረዶቹ አሳየች። በገብርኤል ማግስት ጠዋት ስንቋን ቋጥራ ልትሰናበት ገባች።

«ጌታዬ፣ ጠጁ ደርሷል። ሁለቱም ጋን ታሽጓል። ገረዶቹ መቅዳት ያውቃሉ።»

ባላምባራሱ ስለ ጋን መስማት አልፈለጉም። «ሂጂ፤ ማን ያዘሽ?» አሉ። «ግን ከዚህ በር ከወጣሽ አትመለሺም። በቦታሽ ሌላ ጠጅ ጣይ አስገባለሁ፤ ጎጆሽንም ለእሷ እሰጣለሁ። እንጀራዬ ይሻለኛል ካልሽ ግን አንቺው ራስሽ ትቼዋለሁ በይ።»

ትርንጎ ፈራች። አትሳቁ ልጆች፤ ሰው ሲፈራ አይሳቅበትም። ጎጆዋን የተቀማች መበለት የት ትገባለች? እህቷ ግን ትዝ አለቻት፤ ብቻዋን ያማጠችው።

«ጌታዬ፣ አስቤበታለሁ» አለች። «በሕግ አምላክ። ዳኛ ይየን።» ይህን ብላ የነጠላዋን ጫፍ ከባላምባራሱ ሸማ ጫፍ ጋር ቋጠረችው።

በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ጫፍ ለጫፍ ተቋጥረው ነበር ዳኛ ፊት የሚሄዱት። ቁራኛ ይባላል። ቋጠሮውን ከዳኛ በቀር ማንም አይፈታውም። አልሄድም ያለ ጥፋቱን እንዳመነ ይቆጠራል። ጌታ ነኝ፣ ድሃ ነኝ የለም። በዚያ አገር ደግሞ ዳኛውን የሚመርጠው ከሳሽ ነው። ትርንጎ የትኛውን ዳኛ የመረጠች ይመስላችኋል?

እንዴታ። አልጣሽ መንደር ያለውን።

«በቅሎዬን ጫኑ» አሉ ባላምባራሱ። ተቋጥሮ በበቅሎ መሄድ የት አለ? በእግራቸው ቁልቁለቱን ያዙት። እሷ ስትፈጥን ሸማው ይጎትታቸዋል፤ እሳቸው ሲቆሙ ነጠላው ይይዛታል።

ጥቂት እንደሄዱ አንድ የጨው ነጋዴ አገኙ። «ምን ሩቅ አስኬደን? ይኼ ሰው ይዳኘን» አሉ ባላምባራሱ። ነጋዴው ነገሩን ሰማ። አንድ ጊዜ የትርንጎን ባዶ እግር፣ አንድ ጊዜ የባላምባራሱን ጥለት አየ። «ይኼስ ለእኔ ይከብዳል። ወደፊት ሂዱ» ብሎ አህዮቹን ነዳ።

በማግስቱ አንድ መነኩሴ አገኙ። «እኚህ አባት ይዳኙን» አሉ ባላምባራሱ። መነኩሴው እርቅ ይወዳሉ። «ለሁለት ክፈሉት። ሃያውን ቀን ለጌታሽ ተዪላቸው፣ በሃያው ቀን ሂጂ» አሉ።

«እኔ እስማማለሁ» አሉ ባላምባራሱ ፈጠን ብለው።

«አባቴ፣ ልጅ ለሁለት ተከፍሎ አይወለድም» አለች ትርንጎ። መነኩሴውም ጥቂት አስበው «እውነትሽን ነው። ወደፊት ሂዱ» አሉ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቆላ ደረሱ። የዚያ መንደር ዳኛ ጭቃ ሹም ሽበሺ ነበሩ። የት ቢያገኟቸው ጥሩ ነው? አልጣሽ ደጅ ላይ፣ ከወንዶቹ ጋር ቆመው። ከውስጥ ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። ምጡ ከጀመረ ሁለተኛ ቀኑን ይዟል።

ትርንጎ ወደ በሩ ሮጠች። ባላምባራሱም ተጎትተው ተከተሉ። አንዲት ሴትዮ ደፉ ላይ ቆመች። «ወንድ ከምጥ ቤት አይገባም» አለች።

«ቁራኛ ነን። ያለ ዳኛ አይፈታም» አሉ ባላምባራሱ።

ጭቃ ሹሙ ቋጠሮውን አዩ። ሴትዮዋን አዩ። የልጅቱን ድምፅ ሰሙ። «ነገራችሁን በኋላ እሰማለሁ፤ አሁን ምጥ ይቀድማል። ሰውየው ይቅር፣ ሸማው ይግባ» አሉ።

ባላምባራሱ ሸማቸውን ከትከሻቸው አውርደው በእጀ ጠባብ ቀሩ። ነጠላና ሸማ ተቋጥረው ገቡ።

አሁን ነው ነገሩ። ባላምባራስ ውብነህ በዕድሜያቸው ሙሉ ሰው ያስጠብቁ ነበር እንጂ ጠብቀው አያውቁም። ተቀመጡ። ተነሡ። «ይኼን ያህል ይቆያል?» ብለው ጠየቁ። «ውኃ የሚሞቀው ለምንድን ነው?» አሉ። «ለምን ዝም አሉ? አሁን ለምን ዝም አሉ?» አሉ። የሚመልስላቸው የለም፤ ሁሉም የሚያደምጠው ቤቱን ነው። ቆይተው ቆይተው እሳቸውም ቀስ ብለው «ማርያም፣ ማርያም» ይሉ ጀመር።

ቀትር ላይ እልልታ ተሰማ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ከዚያ ቆመ። «ሴት ናት» አሉ ወንዶቹ። ባላምባራሱ ዕንባቸው መጣ። ለምን እንደመጣ ግን አላወቁም።

አዋላጇ ላቧን እየጠረገች ወጣች። «በእግሯ ነበር የመጣችው። እኔ እጄ ዝሎ ነበር፤ አያቷ ናት ያወጣቻት። አንድ ቀን ብትዘገይ ሁለት ሬሳ ነበር» አለች። ባላምባራሱ መሬት መሬት አዩ።

ቀጥላ ትርንጎ ወጣች። ሕፃኗን ይዛታለች። የተጠቀለለችው በምን ነበር? በባላምባራሱ ሸማ። ጥለቱ ግንባሯ ላይ አርፏል። ቋጠሮው አሁንም አልተፈታም።

ጭቃ ሹሙ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «በሉ ተናገሩ» አሉ።

«ጌታዬ ጭቃ ሹም» አለች ትርንጎ፣ «‘የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጠፋ’ ይባላል። የተናገሩት እርሳቸው ናቸው። የወለድኩት እኔ ነኝ። ታዲያ የእርሳቸው ቃልም እንዲጠፋ፣ የእኔም ልጅ እንድትጠፋ፣ ይኼ የየት አገር ተረት ነው?»

ጭቃ ሹሙ ወደ ባላምባራሱ ዞሩ። «ቃሉን ሰጥተዋል?»

«ሰጥቻለሁ።»

«ትቼዋለሁ ብላለች?»

«አላለችም።»

«ታዲያ ሦስት ጊዜ ምን ሲለምኗት ነበር?»

ባላምባራሱ ቀስ ብለው «ቤቴ ያለ እሷ አንድ ቀን አይቆምም» አሉ።

«ይኼን እኔ ከዚህ ሆኜ አላየውም። ሄደው ያዩታል» አሉ ጭቃ ሹሙ። «ፍርዱ እንዲህ ነው። አርባ ቀኗ ከዛሬ ይቆጠር። ጎጆዋ የእሷ ነው፤ ማንም አይገባበትም። ሸማው የሕፃኗ ነው።» ቋጠሮውን በእጃቸው ፈቱት።

ባላምባራሱ ያንን ዳገት ያለ ሸማ ወጡት። ደጋው ብርድ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ያሰቡት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቤቴ ፈርሶ ይሆን? ደጃዝማቹ መጥተው ባዶ ቤት አግኝተው ይሆን? በራቸው ሲደርሱ አያ ዳምጤ እንደ ወትሮው ተቀምጦ ነበር።

«ቤቱስ?» አሉት።

«የቱ ቤት ጌታዬ?»

«ቤቴ ነዋ። አልፈረሰም?»

«ኧረ ለምን ይፈርሳል? ደጃዝማቹ ትናንት መጡ፣ በሉ፣ ጠጡ፣ ጠጁን አመስግነው ሄዱ።»

«ስለ እኔ አልጠየቁም?»

«ጠየቁ እንጂ። ‘ዳኛ ፊት ሄደዋል’ አልናቸው።»

«ምን አሉ?»

«‘ቅዱልኝ’ አሉ።»

ባላምባራሱ ገብተው ምሰሶውን በእጃቸው ዳሰሱት፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ትርንጎ በአርባኛው ቀን ልጇን ስማ ተነሣች፤ ስትመለስ ጎጆዋ እንደተዘጋ ጠበቃት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ፈቃድ የተሰጠው ሠራተኛ መሄጃ ቀን ሲደርስ፣ ባላምባራሱ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ጋኑ ታሽጓል?» «ታሽጓል» ካላቸው፣ «በል በደህና ግባ» ይሉታል። በቅሎ ጠባቂውን እንኳ «ጋኑ ታሽጓል?» ይሉት ነበር አሉ።

ለዚህ ነው አባቶቻችን «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ያሉት። አፋፍ ላይ የለቀቃችሁት ነገር ተንከባሎ ሄዷል፤ ሌላ ሰው ሮጦ እንዲያመጣላችሁ አትለምኑ።

ተረቴ አለቀ፤ ቋጠሮውም ተፈታ። ነጠላዬን ለእኔ፣ ሸማውን ለእናንተ።