አንዲት ወንበር፣ ሦስት አስታማሚ

በአንድ ወቅት፣ ሰው ሲሞት አገር ሁሉ በሚያለቅስባት፣ ሰው ሲከፋው ግን ማንም ዞር ብሎ በማያይባት አንዲት ከተማ፣ ትርንጎ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። እናቷን የቀበረች ጊዜ ግቢው በሰው ብዛት ጠቦ ነበር። ድንኳኑ ሲነሳ ሰውም አብሮ ተነሳ። ትርንጎ ባዶ ቤት ታቅፋ ቀረች። ሆድ ባሳት፣ እንቅልፍ ራቃት፤ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላም በሯን ከውስጥ ቀርቅራ ራሷን ልታጠፋ ሞከረች።

ነፍሷን ስታውቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ተኝታለች። ከአልጋዋ አጠገብ አንዲት ወንበር አለች። ዘበኛው ከአንድ አስታማሚ በላይ አያስገባም፤ ወንበሯን የሚሻሙት ግን ሦስት ነበሩ።

አንዷ ጎረቤቷ ዘርፌ ናት። በልብስ ማስጫ ገመድ ተጣልተው ከፋሲካ ወዲህ አይነጋገሩም። ዘርፌ ግን ግድግዳውን አልፎ የሚሰማት የስፌት መኪና ድምፅ ድንገት ሲጠፋባት ኩርፊያዋን ትታ ተጣራች። መልስ ስታጣ በሩን በመጥረቢያ ገነጠለችው፤ ትርንጎን አዝላም እስከ አስፋልቱ ሮጠች። እግረ መንገዷን «የሰው ያለህ! ራሷን ልትገድል ነው!» እያለች ስለጮኸች ሰፈሩ በሙሉ ሰማ።

ሁለተኛዋ የልብ ጓደኛዋ ሰናይት ናት። ትርንጎ «መኖር ሰልችቶኛል» ብላ የነገረችው ለእሷ ብቻ ነው፤ ለማንም እንዳትተነፍስም በእናቷ አጥንት አስምላታለች። ሰናይት መሐላዋን ጠብቃ ዝም አለች። ሐኪሙ ፊት ስትቀርብ ግን ሁሉንም ዘረገፈችው። ሐኪሞቹ መታከም ያለበት የትርንጎ ሰውነት ብቻ አለመሆኑን የተረዱት ያኔ ነው።

ሦስተኛው ታላቅ ወንድሟ አንዳርጌ ነው። ወሬው ሲደርሰው ጭነት የያዘ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ መጣ። ለጠየቀው ሁሉ «ጨጓራዋ ነው» አለ፤ ነገሩም በዚያው ተዳፈነ። ጩኸቱን የሰማው ሰፈር እንዳልሰማ ሆኖ ለጨጓራ የሚሆን አጥሚት በፔርሙስ ተሸክሞ ይመጣ ጀመር። ትርንጎም ለደህናው ሆዷ አጥሚት ስትጠጣ ሰነበተች። ከጠያቂዎቿ መካከል «ምን ሆነሽ ነው?» ያላት አንድም ሰው የለም።

ከዚያ ሲስተር ሐመልማል መጣች። «ዛሬ ትወጫለሽ። ብቻሽን ግን አልለቅሽም። አብሮሽ የሚኖር፣ ለቀጠሮም የሚያመጣሽ አንድ ሰው ይረከብሽ» ብላ ሦስቱንም አስገባቻቸው።

«ደሜ ናት» አለ አንዳርጌ። «እኔ ቤት ያለፈውን የሚያነሳባት አይኖርም። አንቺ ግን ዘርፌ፣ በጩኸትሽ አዋረድሻት!»

«ዝም ብል ኖሮ አሁን ድንኳን እየተከልክ ነበር» አለች ዘርፌ። «የእኔና የእሷ ግድግዳ አንድ ነው። እዚያው ቤቷ ትሁን፤ እኔ አብሬያት አድራለሁ። በሩን አሠራዋለሁ፤ መቀርቀሪያ ግን አላስገባለትም። ይልቅ እያወቀች ዝም ያለችው ትፈር!»

ሰናይት ዓይኗን ጨፈነች። «አውቃለሁ፤ ዕድሜ ልኬን ይቆጨኛል። ግን እኔ ጋ ሆና ማስመሰል አያስፈልጋትም። የሆዷን የምታወራው ከእኔ ጋር ነው።»

ትርንጎ ሦስቱንም በልቧ መዘነቻቸው። ወንድሟ ጋ ብትሄድ ዕድሜ ልኳን የጨጓራ በሽተኛ ልትሆን ነው። ሰናይት ጋ ብትሄድ ከእንግዲህ ምስጢር የሚባል ነገር የላትም። ዘርፌ ጋ ብትቀር የማይዘጋ በር ይጠብቃታል። እንደሚወዷት ታውቃለች፤ ፍቅራቸው ግን እንደ ጠባብ ቀሚስ ያዛት። አንዱን ብትመርጥ ሁለቱ ይቀየሟታል፤ እሷን እዚህ አልጋ ላይ የጣላት ደግሞ ሰው ማጣት ነው።

ሲስተር ሐመልማል ጎንበስ አለች። «አንቺስ? ማን ይሁንልሽ?»

እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ትርንጎ አለቀሰች። «አንቺ ምረጪልኝ፣ ሲስተር። እኔ መርጬ ማንንም ማጣት አልችልም።»

ሲስተሯ ቀና ብላ አየቻቸው። አንዷ በር ሰብራለች፣ አንዷ መሐላ ሰብራለች፣ አንዱ እውነት ቀብሯል። ሁሉም ለእሷ ብለው ነው።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ፣ ተሟገቱ። ብቻ ብዙ አታቆዩአት፤ ትርንጎ ጫማዋን አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ለማን ትሰጥ?