ቆዳ የለበሰው ቅርጫት

የእጄን ሥራ ለሁሉ ካሳየሁ ለእኔ ምን ይቀራል? ይህን ጥያቄ ለዓመታት ይዤው ኖሬያለሁ። ዛሬ ስለ ሶፍትዌር ላስተምራችሁ መጥቻለሁ፤ ግን በተረት እጀምራለሁ። እኔ "ተረት" ስል እናንተ "አምጪ" በሉኝ።

ተረት!

አምጪ!

ድሮ ድሮ፣ አውሬ ሁሉ ዘሩን በቅርጫት በሚሸከምበት ዘመን፣ ቅርጫት ሰፊው አያ ቀበሮ ነበረ። በዚያ አገር ስፌት የሚለመደው ገልብጦ በማየት ነው፤ ወስፌው የት እንደገባ፣ የሚሰፋበት ሣር፣ አክርማው፣ በየት እንደዞረ ከጀርባው ይታያል። አያ ቀበሮ ግን ቅርጫቱን ከውስጥም ከውጭም ቆዳ ይለብጠዋል። "ቆዳውን የላጠ ከእኔ ጋር ተጣላ!" ይላል።

የእመት ጅግራ ማሳ ከወንዝ ማዶ ነው። ወንዙ ሳይሞላ ዘሩን ካላሻገረች ጫጩቶቿ በሚቀጥለው ዓመት ይራባሉ። ቅርጫቷን ተሸክማ ወጣች። መንገድ ላይ ዘሩ ጠብ ጠብ አለ፤ ወደ ሰፊው ተመለሰች።

"አያ ቀበሮ፣ ቅርጫቱ ያፈሳል!"

"ተይው እሱን፤ ሌላ ውሰጂ።"

ሌላ ወሰደች። እሱም ጠብ ጠብ አለ።

"አያ ቀበሮ፣ ይሄም ያፈሳል!"

"አረማመድሽ ነው እመቴ፤ እየዘለልሽ ትሄጃለሽ። በይ ሌላ ውሰጂ።"

ሦስተኛውም ጠብ ጠብ አለ። ብትመለስ አያ ቀበሮ ሰርግ ሄዷል። ወንዙ ደግሞ ከላይ አገር በዘነበው ዝናብ ደፍርሷል።

ጅግራ ቁጭ ብላ ስታለቅስ ቅርጫቱ ተናገረ።

"አታልቅሺ። የተበጠሰብኝ አንዲት አክርማ ናት። ግን ቆዳው አፍኖኛል፤ ማን ይየኝ?"

"ታዲያ ልላጥህ?"

"ብትልጪኝስ ስፌት መቼ ታውቂያለሽ? ይልቅ እመት ጃርት ዘንድ ሂጂ።"

እመት ጃርት ዓይን አፋር ናት። በገዛ እሾኋ እየወጋች ያማረ ቅርጫት ትሰፋለች፤ ግን "ካዩብኝ ይወስዱብኛል" ብላ ከጉድጓዷ አታወጣውም። ጅግራ ጫጩቶቿን አስከትላ ደጇ ቆመች።

"እመት ጃርት፣ አንድ ቅርጫት ስጪኝ!"

ጃርት ወደ ጉድጓዷ ጠለቀች።

"እሺ፣ አውሺኝ!"

ጃርት ይባስ ጠለቀች።

"እሺ፣ ሲያፈስ ራሴ እንድጠግነው አሰፋፉን አሳዪኝ!"

ይሄኔ ጃርት ብቅ አለች። "እስከ ዛሬ ስጪኝ እንጂ አሳዪኝ ያለኝ የለም" አለች። ወንዙን አየች። ጫጩቶቹን አየች። ቅርጫቷን አውጥታ መሬት ላይ ገለበጠችው።

"እዩ፣ ተማሩ፣ ለሌላውም አሳዩ። አንድ ነገር ብቻ፦ ከእኔ የተማረ ቆዳ አይለብጥበት።"

ጅግራ አክርማውን በመንቁሯ እየሳበች መስፋት ጀመረች። ጦጢትም ከዛፍ ወርዳ ቅርጫቱን አገላብጣ አየችው።

"እመት ጃርት፣ አትቆጪኝና ታቹ ሳስቷል። ሲሞላ ይዘረገፋል!"

"እኔ ነኝ የሰፋሁት!"

"አንቺማ ሰፋሽው፤ እኔ ደግሞ አየሁት።"

ጃርት እሾኋ ቆመ። ከዚያ ጎንበስ ብላ አየች፤ እውነትም ሳስቷል። ጦጢት ታቹን ድርብ አድርጋ አዞረችው፤ ጃርትም ከጦጢት ተማረች። ዘሩ ወንዙ ሳይሞላ ተሻገረ። ጠብ ያለ ፍሬ የለም።

አያ ቀበሮ ከሰርግ ሲመለስ ያልተለበጠ ቅርጫት በየደጁ አየ።

"ስፌቱን ስጡኝና ቆዳ ላልብሰው!" አለ።

"ስፌቱን ውሰድ፣ አያ ቀበሮ፤ ቆዳህን ግን ቤትህ አስቀምጠው" አለች ጃርት፣ ያቺ ዓይን አፋር።

"ታዲያ ቀበሮ ምን በላ?" አለች ከኋላ ወንበር ተማሪዋ ሶልያና።

ለመስፋት ጊዜ ለሌለው እየሰፋ፣ የተቀደደ እየጠገነ በላ። ሥራ አላጣም፤ ያጣው መደበቂያ ነው።

ሶፍትዌርም እንደ ቅርጫት ነው፤ ስፌቱ ኮዱ ነው። ነፃ ሶፍትዌር የምንለው ስለማይከፈልበት አይደለም። ገልብጦ ማየት፣ መጠገን፣ ለጎረቤት ማካፈል ስለሚቻል ነው። የተሸፈነ ስፌት ባለቤቱን ሲጠብቅ ይቀደዳል፤ የተገለጠ ስፌት አገር ይጠግነዋል።

እኔም ወስኛለሁ። ለቤተ መጻሕፍታችሁ የሠራሁትን የመጽሐፍ መፈለጊያ ፕሮግራም፣ ከነኮዱ፣ በዚህ ክፍል ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ ጭኜዋለሁ። ክፈቱት። ስህተቴን ቀድሞ ያገኘ እጁን ያውጣ።