የጅብ ሽንኩርት ድንበር

በእኛ አገር ሰዎች ነገራቸውን ሳያጠብቁ ሲዋዋሉ ሽማግሌ ጣልቃ ገብቶ ስለ ሽንኩርት አንዲት ነገር ጣል ያደርጋል። እኔ ሽንኩርትና ውል ምን አገናኛቸው እያልሁ ግራ ይገባኝ ነበር። መነሻውን ከሰማሁ በኋላማ ጭራሽ ባሰብኝ፤ እስቲ እናንተ ፍረዱ።

አያ ቸሬና አያ ጓንጉል ኩታ ገጠም ማሳ ነበራቸው። የድንበሩ ድንጋይ እርሻ በደረሰ ቁጥር ወዲያና ወዲህ ይላል። ማን እንደሚያንቀሳቅሰው አይታወቅም፤ ሁለቱም እኔ አይደለሁም ይላሉ። በመጨረሻ ብልህ ነኝ ባዩ ቸሬ ዘዴ አመጣ። ከጓንጉል ማሳ ዳር የጅብ ሽንኩርት በቅሎ ነበር፤ ሰው አይተክለው፣ ከብት አይበላው።

"ድንጋይን እጅ ያነሳዋል፤ ይሄን ግን የተከለው እግዜር ነው። ሽንኩርቱ እስካለበት ያንተ፣ ከዚያ ወዲህ የኔ ይሁን" አለ።

ጓንጉል ራሱን አከከ። "እስከበቀለበት ማለትህ ነው ወይስ እስከሚበቅልበት?"

"አንተ ደግሞ ነገር ትሰነጥቃለህ! ያው አይደለም እንዴ?" አለና ቸሬ በሽማግሌው በአባ ይርዳው ፊት፣ "የጅብ ሽንኩርት እስከሚበቅልበት የጓንጉል ነው" ብሎ አፉ እንዳመጣለት ማለ።

ክረምት ገባ። ሽንኩርቱ በቸሬ ማሳ ጥግ ብቅ ብቅ አለ። ቸሬ ደንግጦ አረሰው። ማረሻው የሽንኩርቱን ራስ እየፈለቀቀ በትልሙ ሁሉ በተነው፤ የተበተነውም ሁሉ በቀለ። ደግሞ አረሰ፤ ደግሞ ተዛመተ። አውድማውን አልፎ ጓሮ ገባ፤ በስተመጨረሻ የቸሬ ቤት ደጃፍ ላይ አበበ።

ጓንጉል መጥቶ ከደጃፉ ቆመ። ይደሰት ይፈር ግራ ገብቶታል።

"ወንድሜ ቸሬ፣ አሁን እኔ ያንተ እንግዳ ነኝ ወይስ አንተ የኔ?"

"እኔንስ ማን ይንገረኝ!"

አባ ይርዳውን አስጠሩ። ቸሬ እግራቸው ላይ ወደቀ። "አባቴ፣ ቤቴን ልነጠቅ ነው! እስከበቀለበት ለማለት ነበር ይበሉልኝ!"

"ልጄ፣ ልብህን አላውቅም፤ ጆሮዬ የሰማው እስከሚበቅልበት ስትል ነው። መሐላ ደግሞ እንደ ማሳ ተመልሶ አይታረስም።"

ቸሬ አበባው መካከል ዘጭ ብሎ እንባውን ለቀቀው። ጓንጉል ይብሱን ግራ ተጋባ። "አባ፣ ሽንኩርቱን ገና በእጁ እንኳ አልነካውም፤ ምን አስለቀሰው?"

አባ ይርዳውም ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ "ድንበሩን ለሽንኩርት የሰጠ፣ ሳይልጥ ያለቅሳል" አሉ።