ጎመን የመሰለችው አበባ

የሸህ ይማምን ሞት ባለቤታቸው ዘምዘም የሰማችው ሰኞ ቀን፣ ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ ነው። ሸሁ ራቅ ያለ መንደር የመስጊድ ጣሪያ ሊያዋቅሩ ከሄዱ ዐሥር ቀን ሆኗቸው ነበር። አብሯቸው የሄደው አናጢው ሙሔ ብቻውን ተመልሶ፣ የሸሁን የቆዳ ከረጢት ታቅፎ ደጃፉ ላይ ቆመ። ዘምዘም ከረጢቱን ስታይ ገባት። አናጢ የመሣሪያ ከረጢቱን በሰው እጅ አይልክም።

«ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» አለችና ከረጢቱን ተቀብላ ፈታችው። ከሁሉ በላይ የተቀመጠው አፉ የተሸረፈ አሮጌ መሮ ነበር። ዘምዘም አየችውና ሳቀች። ድምፅዋን ሰምተው የደረሱት ጎረቤቶች ዐቅሏ ተነካ ብለው ደነገጡ። ሙሔ ግን እያለቀሰ አብሯት ሳቀ።

«እስከ መጨረሻዋ ቀን ይረግመው ነበር፤ የኔን ልስጥህ ብለው እንቢ አለኝ» አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸህ ይማምና ሙሔ በአንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ በአንድ መምህር እጅ ሙያ የተማሩ አናጢዎች ነበሩ። ሸሁ ዒልምም ስለቀሰሙ ሰው ያከብራቸዋል። ከዱንያ ዕቃ የሚሳሱለት አንድ መሮ ብቻ ነበር። ዝግባውን እንደ ቅቤ ይቆርጥላቸዋል፤ የወይራ እጀታውም በአውራ ጣታቸው ልክ ጎድጉዷል። ሊዋስ የመጣውን ሁሉ «ሚስትና መሮ በውሰት አይሰጡም» ብለው ይመልሱታል። ዘምዘምም ከጓዳ ሆና «እኔን ማስቀደማቸው አልሐምዱሊላህ ነው!» ትላለች።

የሙሔ መሮ ግን ረፋድ ሳይደርስ ይዶለዱማል፣ ጠንካራ እንጨት ካየ ይሸረፋል። «ይህስ ጂን አለበት!» እያለ ሲያማርር፣ ሸሁ «ብረቱን አትውቀስ ሙሔ፤ ቢስሚላህ ሳትል እየጀመርክ ይሆናል» ይሉታል። አንድ ጁምዓማ በስንፍናው መሣሪያውን ስለሚከስ ሠራተኛ ረዘም ያለ ምክር ሰጡ። ስም አልጠሩም፤ ጀማዓው ግን በሙሉ ዞሮ ሙሔን አየው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሸሁ የታላቁን መስጊድ በር ለመሥራት ቃል ገቡ። በበሩ እንጨት ላይ ሊፈለፈሉ የታሰቡት አበቦች ዐሥር ነበሩ። ዘጠኙን እንደጨረሱ፣ ለዒድ ጥቂት ቀን ሲቀር፣ የመሮው እጀታ ለሁለት ተሰነጠቀ። እጀታ ሊቀይሩ ብረቱን ሲነቅሉት ጭራው ላይ ሦስት ጭረት አዩ።

የከተማው አንጥረኛ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የተለየ ምልክት ነበረው። ምልክቱን የሚያደርገውም እጀታ በሚሸፍነው ጭራ ላይ ነው። የሸህ ይማም አንድ ጭረት፣ የሙሔ ሦስት ነው። ከዐሥራ ስምንት ዓመት በፊት ሁለቱም መሯቸውን ባንድ ቀን አስቀጥቅጠው፣ እጀታውንም ካንድ ወይራ አውጥተው ነበር። በዚያው ሳምንት ለጁምዓ መሣሪያቸውን ከጫማቸው ጋር መስጊዱ በር ላይ ትተው ገቡ። ሲወጡ ሳያውቁት ተለዋወጡ።

ዘምዘም ስትገባ ሸሁ አንድ ነገር ከጉልበታቸው ሥር ሸሸጉ።

«ምንድን ነው የደበቁት?»

«ብረት ነው።»

«ብረትን ከኔ መደበቅ ከመቼ ጀመሩ?»

አውጥተው አሳዩዋት። ጭረቶቹን በጣታቸው እያሳዩ «የሙሔ ነው» አሉ። «ያ ዐሥራ ስምንት ዓመት የሰደብኩት ደግሞ የኔ ነው።»

ዘምዘም ልታግዛቸው ፈለገች። «አንዲት አበባ ናት የቀረችው። ጨርሰው ከዒድ በኋላ ቢመልሱለትስ? ሥራው የአላህ ቤት ነው።»

«እስከ ዛሬ ሳላውቅ ነው። ካወቅኩ በኋላማ በሰው ሐቅ የአላህን በር ልፈልፍል?» አሉና አዲስ እጀታ ይጠርቡ ገቡ።

በጁምዓው ከሰላት በኋላ ተነሥተው ቆሙ። «ጀማዓ! ሙሔን ሥራ አያውቅም ያልኩት በሐሰት ነው። የያዘው የኔን መሮ ነበር። የተመሰገንኩትም በሱ መሮ ነው። ሙሔ፣ አውፍ በለኝ፤ ይቅር በለኝ።»

ሙሔ ከሰልፉ ተነሣ።

«ድገመው» አለ፤ «ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

ሸሁ ደገሙት።

«አሁን ደግሞ ወደ ሴቶቹ ዞረህ።»

ሸህ ይማም ወደ መጋረጃው ዞረው ለሦስተኛ ጊዜ ተናገሩ። ከመጋረጃው ጀርባ ዘምዘም ሳቋን ለማፈን ሻርፗን ነክሳ ነበር። ያን ጊዜ ሙሔ አቅፎ ሳማቸውና «አውፍ ብያለሁ። በሩ እስኪያልቅ እንኳ መሮው አንተ ዘንድ ይቆይ» አላቸው።

«መሮ በውሰት አይሰጥም» አሉት ሸሁ።

ዐሥረኛዋን አበባ በራሳቸው መሮ ፈለፈሉ። ሁለት ጊዜ ጣታቸውን ቆረጡ፣ አምስት ጊዜ አስተግፊሩላህ፣ አላህ ይማረኝ አሉ። በመጨረሻ የወጣችው አበባ ጎመን መሰለች። በዒድ ማግስት የመስጊዱ ሽማግሌዎች መጥተው፣ «ሸሁ፣ ይህቺን እንኳ ሙሔ በዚያ መሮ ያስተካክላት» ብለው ለመኑ።

ሸህ ይማም እንዲህ አሉ፦ «በዘጠኙ ላይ የሙሔ ድርሻ አለ። ይህቺ ግን ብትጠምም ሐላሌ ናት።»

ዕቃ መመለስስ ቀላል ነው፤ ተሸክመህ ሄደህ ማስቀመጥ ነው። በዕቃው የተገኘውን ምስጋና መመለስ ግን ይከብዳል። ምስጋናውን የሰጠው ሰው ብዙ ነውና ፊቱ ቆሞ፣ «ድገመው» ሲባልም መድገም ይጠይቃል። ሸሁ ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት በተሸረፈ መሮ ሠሩ፤ ማታ ማታም ሲስሉትና ሲያማርሩበት ዘምዘም ትሰማ ነበር። ዛሬ ቤቱ ጸጥ ብሏል። መሮው ከመስገጃቸው አጠገብ ተቀምጧል፤ ለማንም በውሰት አይሰጥም።

በታላቁ መስጊድ በር የምታልፉ ሁሉ፣ በቀኝ በኩል ከታች ያለችውን ጎመን መሳይ አበባ ስታዩ ሳቁ፤ እሳቸውም ይስቁባት ነበር። ከሳቃችሁ በኋላ ግን ለሸህ ይማም ከቁርኣን አንድ ፋቲሓ ቅሩላቸው። በዚያ የማታልፉም፣ ይህን ካነበባችሁ፣ ጌታቸው የጀነትን በር እንዲከፍትላቸው ዱዓ አድርጉላቸው።