የውርጭ በሯ አንጓች

ልጆቼ፣ ቀረብ በሉ። ሰው አገር በእግሩ በሚያቋርጥበት፣ ጨው በበቅሎ ተጭኖ ከቆላ ወደ ደጋ በሚወጣበት በዚያ በደጉ ዘመን፣ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። አጭር ነበረች። ሳቋ ግን ከሩቅ ይሰማ ነበር።

ባሏ በንዳድ ሞተባት። መሬቱን የባሏ ወንድሞች ወሰዱት። ለእርሷ ድስትና ወፍጮ ቀራት። የገብስ አጥሚት እያፈላች ታች ገበያ ወጣች። ገበያው ሻጭ ሞልቶታል። እያንዳንዷ ሻጭ ዘመድ አላት፤ የለመደ ደንበኛ አላት። አንጓች ማንም የላትም። አጥሚቷ ቀዝቅዞ ወደ ቤት ይመለስ ነበር።

አንድ ቀን ድስቷን አዝላ ወደ ውርጭ በር ወጣች። ውርጭ በር ሲራራ ነጋዴ ሁሉ የሚያልፍበት የተራራ አንገት ነው። ዛፍ የለውም፤ ጓሳና ድንጋይ ብቻ ነው። ነፋሱ ጋቢ ከትከሻ ይገፍፋል።

«ሰው በሌለበት ለማን ልትሸጪ ነው?» አሏት የመንደሩ ሰዎች።

«ሻጭም የለበትማ!» አለችና ሳቀች። እዚያ ጎጆ ቀለሰች።

ነጋዴ መጣ፤ አለፈ። ሌላው መጣ፤ እርሱም አለፈ። አጥሚቱን አሸተቱ፣ ምራቃቸውን ዋጡ፣ አለፉ። ያን ሰሞን ሳቋ ጠፋ ይላሉ። በመጨረሻ ሸህ ይማም የሚባሉ የሲራራ አለቃ ሲያልፉ የበቅሏቸውን ልጓም ያዘች።

«ሸሁ፣ አጥሚቴ ምን ጎደለው?»

«አጥሚትሽስ ምንም አልጎደለው፣ እቴ። በቅሎዎቹ ናቸው እንጂ። አልቧቸዋል። እዚህ ነፋስ ላይ ካቆምኳቸው ብርድ ይመታብኛል።»

አንጓች ለሰው አስባ ነበር፤ ለበቅሎ ግን አላሰበችም። ከዚያ ቀን ጀምራ ድንጋይ ለቀመች። ጠዋት ድንጋይ፣ ማታ ድንጋይ። መዳፏ ተላጠ። ክረምቱ ገባ። «ውረጂ» አሏት። አልወረደችም። በጋው ሲመለስ፣ በቅሎ ተደርድሮ የሚጠለልበት ረጅም ግንብ ቆሞ ነበር። ሸህ ይማም አዩት። በቅሎዎቻቸውን ወደ ጥጉ ነዱ። ራሳቸውም ተቀመጡ። ድስቱ የዚያን ቀን ባዶ ሆነ።

አንጓች ሰው አትረሳም። የመጣውን ሁሉ በስሙ ትጠራለች፤ የበቅሎውን ስም ሳይቀር ትጠይቃለች። ልጁ ታሞበት የነበረውን፣ ሲመለስ «ማረልህ?» ትለዋለች። ነጋዴው ይህን በየደረሰበት አወራ። የውርጭ በሯ አንጓች ተባለች።

ወሬው ታች መንደር ደረሰ። ያልጋነሽ የምትባል፣ እንደ እርሷው ባል የሞተባት ሴት፣ ልጆቿን አስከትላ ወጣችና እዚያው ግንቡ ሥር አጥሚት ጣደች። አንጓች ተቃጠለች።

«ድንጋዩን እኔ ተሸክሜ አንቺ ልትጠለይበት?»

«ተራራው ያባትሽ ነው?»

ተሰዳደቡ። በነጋታውም ተሰዳደቡ። ነጋዴው ከአንዷ ሲጠጣ ሌላዋ ታኮርፈዋለች። ድካሙን ሊያሳርፍ የመጣ ሰው ጠብ መሐል ምን ያስቀምጠዋል? እንደ ድሮው ማለፍ ጀመረ። አንጓችን «ከእርሷ ጋር ከምትነታረኪ ውረጂ» አሏት። አልወረደችም። ጥቂት አሰበች። ያን ኩራቷን ዋጠችና ያልጋነሽ ደጅ ቆመች።

«አጥሚቱን ለኔ ተዪልኝ። ያባትሽ አውድማ ገለባ ሞልቶታል። አምጪና ለበቅሎዎቹ ሽጪ።»

«ከበቅሎ ጋር ልነግድ ነው?»

«በቅሎ እንደሆነ አያኮርፍሽ!»

ያልጋነሽ ሳታስበው ሳቀች። አንጓችም ሳቀች። ገለባ መጣ። ገለባ ስላለ በቅሎው በላ። በቅሎው ስለበላ ነጋዴው አደረ። ነጋዴው ስላደረ ራትም ቁርስም ተሸጠ። የሁለቱም ቤት ጠገበ። የያልጋነሽ ልጆች አንጓችን እናታችን ይሏት ጀመር።

ከዓመታት በኋላ ያ የጉም ቀን መጣ። ሊመሽ ሲል ነው። የሸህ ይማም ሲራራ ሽቅብ እየመጣ ነበር። ጉሙ ሰውና በቅሎ ዋጠ። ከመንገዱ ጎን ገደል ነው። ሴቶቹ ጮኹ፤ ገደሉ ጩኸታቸውን ከወዲያ መለሰው። የነጋዴዎቹ ጅራፍ ድምፅ ወደ ገደሉ ሲርቅ ሰሙ። እሳት እንዳያነዱ እንጨቱንም ገለባውንም ዝናብ አርሶታል። ደረቅ የነበረው በጢስ የከረመው የአንጓች ቤት ብቻ ነበር። ፍም አነሣች። ከውስጥ በኩል ጣሪያው ላይ ሰካችው።

«አብደሻል! ቤትሽ እኮ ነው!» ያልጋነሽ ክንዷን ያዘቻት።

«ልቀቂኝ! የሸሁ ሰዎች ናቸው፤ ድምፃቸውን አውቀዋለሁ!»

ቤቱ ነደደ። ጉሙ ቀላ። ነጋዴዎቹ ቅላቱን አይተው አንድ በአንድ ወጡ። አንዲት በቅሎ ከነጭነቷ ገደል ገባች፤ ሰው ግን አልጎደለም። ሸህ ይማም መሬት ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

በነጋ ጊዜ ሲራራው ወደ ቆላ ወረደ። አንጓች ከአመዱ አጠገብ ቀረች። ጎልማሳነቷ አልፏል። ያን ሁሉ ድንጋይ የተሸከመ ጉልበት የለም። ያን ጊዜ ማንም ውረጂ አላላትም። በሦስተኛው ቀን ራሷ ድስቷን አዘለች፤ ያልጋነሽን ተሰናበተች፤ ቁልቁለቱን ጀመረች።

አጋማሽ ላይ ሲራራው ሽቅብ ሲመለስ አገኘችው። ሰዉ ሁሉ በትከሻው እንጨት ይዟል። በየበቅሎው ላይ ማገርና ወራጅ ተጭኗል።

«ወዴት ነው፣ እቴ?» አሉ ሸህ ይማም።

«ልወርድ ነው፣ ሸሁ። ደክሞኛል።»

«አንቺ ከወረድሽ እኛ ወጥተን የት ልንቀመጥ ነው? ተመለሺ።»

ድስቷን ከጀርባዋ ተቀበሏት። አንጓች ተመለሰች። እዚያው አርጅታ፣ እዚያው ሞተች።

ከዚያ ወዲህ ውርጭ በርን የሚወጣ ሰው ባዶ እጁን አይወጣም ነበር። እኔም ከአባቴ ጋር ስሻገር ከቁመቴ የሚበልጥ እንጨት ጎትቻለሁ። ምን ያለ ጊዜ ነበር! ዛሬ መኪናው በታች ዞሮ ያልፋል። ግንቡም ፈርሷል።

እኛ መንደር ግን ልማዱ አልጠፋም። አዲስ ንግድ የሚከፍት ሰው ሲኖር ጎረቤቱ አንድ አንድ እንጨት ይዞለት ይሄዳል። ባለፈው ፋሲካ ማግስት ያ የጌጤ ልጅ ጸጉር ቤት ሲከፍት አይታችሁ የለ? ጸጉር አስተካካይ እንጨት ምን ያደርግለታል? እርሱ ግን ከእያንዳንዳችን በሁለት እጁ ተቀበለ። በሩ ጥግ አቆመው። ከሌላ አገር የመጣ ደንበኛ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲለው፣ መቀሱን አቁሞ «የአንጓች ነው» ይለዋል።