የአቶ ይገዙ ቼሎ

አንድ ቼሎ ነበር፤ ተጫዋቹ ካረፉ ወዲህ ማንም ያልተጫወተበት።

ቼሎ ማለት፣ ለማያውቀው ሰው፣ የቫዮሊን ታላቅ ወንድም ነው። ተቀምጠው በሁለት ጉልበት መሃል ይይዙታል፤ ደጋኑን ሲስቡበት የጎልማሳ ወንድ ድምፅ የሚመስል ወፈር ያለ ድምፅ ይሰጣል። የዚህኛው ተጫዋች አቶ ይገዙ ይባሉ ነበር። እሳቸው ካለፉ በኋላ ቼሎው በሚስታቸው በወይዘሮ ውባለም ሳሎን፣ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጎን፣ በጥቁር ሳጥኑ ውስጥ ተቀመጠ። ወይዘሮ ውባለም ቅዳሜ ቅዳሜ ሳጥኑን ይከፍታሉ፣ በለስላሳ ጨርቅ ይወለውሉታል፣ ትንሽ ያዩታል፣ መልሰው ይዘጉታል። እንግዳ ይዞት የመጣው ሕፃን ሳጥኑን ነካ ካደረገ ቀድማ የምትቆጣው የገዛ እናቱ ናት፤ የቤቱን ሕግ የማያውቅ አልነበረም።

ወይዘሮ ውባለም ራሳቸውም የሙዚቃ ሰው ናቸው። በስተርጅና ደረጃ ሲወጡ ግድግዳ ይደገፉ እንጂ በወጣትነታቸው ቫዮላ ተጫዋች ነበሩ። ቫዮላ በቫዮሊኑና በቼሎው መካከል የምትገኝ፣ ስትኖር ማንም ልብ የማይላት፣ ስትጠፋ ግን ሁሉ ነገር የሚጎድል መሣሪያ ናት። ከሙዚቃ ትምህርት ቤት አብረው የወጡ አራት ጓደኛሞች ነበሩ፦ ታመነና በላቸው በቫዮሊን፣ ውባለም በቫዮላ፣ ይገዙ በቼሎ።

ደግ ዘመን ነበር። እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ባላት ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ሰው ይሰበሰባል። ወንዱ ከረባቱን አስሮ፣ ሴቷ ጫማዋን አስጠርጋ፣ ተማሪው ወንበር አጥቶ ግድግዳ ተደግፎ። አራቱ ወዳጆች መጀመሪያ የጥንቶቹን የቪየና ሙዚቃ ደራሲዎች ሥራ ይጫወታሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው እንደ ጨዋ ሰው የሚያዳምጥበትን፣ ቀልዱም ለዛ ያለውን። ከዕረፍት በኋላ ደግሞ የኋለኞቹን፣ የፍቅርና የትካዜ ሰዎቹን ሥራ ያመጣሉ። ክረምት ሲገባ ኮንሰርቱ ይዘጋል፤ ቆርቆሮ ላይ ከሚወርድ ዝናብ ጋር ተፎካክሮ ያሸነፈ ቫዮሊን እስከ ዛሬ አልተገኘም። በመስከረም አዳራሹ ሲከፈት ሰዉ በሩ ላይ "እንዴት ናፍቃችሁን ከረማችሁ!" እያለ ይሳሳም ነበር። እንዲህ ያለ ናፍቆት አሁን የት አለ?

ከኋለኞቹ ሥራዎች በአንደኛው ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሄድ አንድ ክፍል አለ። ዜማውን ቼሎው ይይዝና ወደ ላይ፣ ወደ አንድ ከፍ ያለ ድምፅ ይወጣል። አቶ ይገዙ እዚያ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ደጋናቸውን ያነሡና ዝም ይላሉ። አዳራሹም ትንፋሹን ይይዛል። ከዚያ ያ ድምፅ ይመጣል፤ ሰውም ያለቅሳል። ኖታው ላይ እንዲህ ያለ ዝምታ አልተጻፈም። "ዝምታው የይገዙ የራሱ ነው" ይባል ነበር። ወይዘሮ ውባለምም "እኔ ያገባሁት ያንን ዝምታ ነው" እያሉ ይቀልዱ ነበር፤ ቀልዱ ውስጥ ግን እውነት ነበረበት።

አቶ ታመነ ቀድመው አረፉ፤ አቶ ይገዙ ተከተሉ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ውባለም ቃል ገቡ። ቼሎው የሚሰጠው ያንን ቦታ እንደ ይገዙ አድርጎ ለተጫወተ ሰው ብቻ ነው አሉ። የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ነገሩን በደስታ ተቀበለ፤ በየዓመቱ አንድ የተማሪዎች ቡድን ያንን ሥራ ያዘጋጃል፣ እሳቸውም ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ምስኪን ተማሪዎች! ስለ ዝምታው ወሬ ሰምተዋልና ሁሉም ዝም ለማለት ይታገላል። አንዱ እንዳይረሳው ሲጨነቅ ከቦታው አስቀድሞ ዝም አለ። ሌላው ዝምታውን እጅግ ከማስረዘሙ የተነሣ ሕዝቡ ያለቀ መስሎት አጨበጨበ፤ አንድ ሽማግሌማ ካፖርታቸውን ደርበው ወደ በሩ ሄዱ። ወይዘሮ ውባለም በየዓመቱ "ደህና ነው፤ ግን እንደ እሱ አይደለም" ብለው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። የሞተች ላም ወተታም ናት የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ቼሎው ግን ሰው አይደለምና ትዕግሥት አልነበረውም። በጋው ሲበረታ እንጨቱ ጎኑ ላይ መሰንጠቅ ጀመረ፤ ክሮቹም ላሉ። መሣሪያ ጠጋኙ ተጠርቶ መጣና እያገላበጠ አየው።

"እትዬ፣ ይህን ስንጥቅ እደፍነዋለሁ" አላቸው። "ነገር ግን ክሩ ተወጥሮ ካልተጫወቱበት በሚመጣው በጋ ሆዱ ይከፈታል። ያኔ እኔም አልመልሰውም።"

"ለማን ልስጠው ታዲያ? እንደ እሱ ለማይጫወት ሰው ብሰጥ እኮ ይገዙን ሁለተኛ መቅበሬ ነው።"

ጠጋኙ ሙጫውን አውጥቶ ሥራውን ቀጠለ።

የዚያ ዓመት ቼሎ ተጫዋች ረድኤት የምትባል ወጣት ነበረች። የምትለማመደው በትምህርት ቤቱ ቼሎ ነው፤ አንገቱ ደጋግሞ የተጠገነ፣ ድምፁ ጉንፋን የያዘው ሰው የሚመስል። ኮንሰርቱ ሳምንታት ሲቀሩት ያንኑ ቼሎ ተሸክማ ወደ ወይዘሮ ውባለም ቤት መጣች። በዚያን ሰዓት አቶ በላቸው፣ ሁለተኛው ቫዮሊን፣ እንደ ልማዳቸው ለጥየቃ መጥተው ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ነበር። ረድኤት ያንን ክፍል ተጫወተች፤ አፋፉ ላይ ስትደርስ ዝም አለች፣ ከዚያ ቀጠለች።

"አይደለም ልጄ" አሉ ወይዘሮ ውባለም። "እሱ እንዲህ አልነበረም።"

"ዝምታው ረዘመ ወይስ አጠረ፣ እትዬ?"

"አንዳንድ ቀን ይረዝማል፣ አንዳንድ ቀን ያጥራል።"

"ታዲያ በምን ልወቀው?"

"ልብ ያውቀዋል።"

"የእኔ ልብ አላወቀውም" አለች ረድኤት፣ እንባዋ እየመጣ። "ስለማመድ ሞትኩ እኮ እትዬ! እሳቸውን ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አላየኋቸውም።"

ይህን ጊዜ አቶ በላቸው ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠና ውሃ እስኪሰጣቸው ድረስ ቆዩ።

"ውቤ" አሉ ትንፋሻቸው ሲመለስላቸው፣ "በዚህ ዕድሜዬ መሐላ ላፍርስ?"

"የምን መሐላ?"

"የይገዙን ነዋ። ያንን ድምፅ እኮ ይፈራው ነበር! ቼሎ ላይ ምልክት የለም፤ ከታች ወደ ላይ ሲዘሉ ቦታውን በጣት መፈለግ ነው። በመጀመሪያው ኮንሰርታችን ላይ ቦታው ጠፋበት። ደጋኑን አንሥቶ ዝም ያለው ለጥበብ መስሎሻል? እየፈለገ ነበር።"

የወይዘሮ ውባለም ፊት ተለዋወጠ። አቶ በላቸው ግን ከጀመሩ አይመለሱም።

"እዚያ ላይ ቀድሞ መግባት ያለበት ማነው? ቫዮላው ነው። ኖታሽን ተከትለሽ ብትገቢ ኖሮ ሙዚቃው ጥሎት ይሄድ ነበር። አንቺ ግን ደጋንሽን አንሥተሽ ጠበቅሽው። አንቺ ስትቆሚ እኔና ታመነስ ምን እናድርግ? ቆምን። ቦታውን ሲያገኘው ያ ድምፅ ወጣ፣ ሰዉም አበደ። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ እንጠብቀው ነበር። 'ያን ቀን ባትጠብቀኝ ኖሮ ቼሎ ዳግመኛ አልነካም ነበር፤ ለእሷ ግን እንዳትነግራት' ብሎ አማለኝ። ታውቂው የለ፣ ኩሩ ነበር።"

"በሞተ ሰው ላይ እንዲህ ይባላል?" አሉ ወይዘሮ ውባለም። "ይገዙን ልታሳንስብኝ ነው የመጣኸው?"

አቶ በላቸው ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ።

"እሱን መች ቀነስኩ? አንቺን ጨመርኩ እንጂ" አሉና ወጡ። ረድኤትም የምትገባበት ጠፍቷት ቼሎዋን ተሸክማ ተከተለቻቸው።

ሁለቱ አዛውንቶች ተኮራርፈው ሰነበቱ። ቅዳሜ ሲደርስ ወይዘሮ ውባለም ሳጥኑን ከፈቱ፣ ጨርቁንም አነሡ፤ መወልወሉን ግን ረሱት። ያን የመጀመሪያ እሑድ ለማስታወስ ሞከሩ። ከዚያ በፊት ሲያስታውሱት የሚመጣላቸው ድምፁ ብቻ ነበር። አሁን ግን ፊት አዩ። ከንፈሩ ላይ ላብ ችፍ ያለበት፣ ከረባቱ የጠበበው፣ በፍርሃት ዓይኑ የፈጠጠ አንድ ወጣት ወደ እሳቸው እያየ ነው። ራሳቸውንም አዩ፤ ደጋናቸውን ከክሩ ላይ አንሥተው በአገጫቸው "አይዞህ፣ አለሁ" ሲሉት። ያን ጊዜ ገና አልተጫጩም ነበር። ያ ሁሉ ዓመት ድምፁን ሲያስታውሱ አገጫቸውን ረስተውት ኖረዋል። ብቻቸውን ሳቁ፣ ከዚያ አለቀሱ፣ እንደገና ሳቁ። ወደ አቶ በላቸው ደውለውም "ና ምሳ ብላ" አሏቸው። በእሳቸው ቤት ይቅርታ የሚባለው በዚህ ቋንቋ ነው።

በሳምንቱ ውስጥ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዱ። ተማሪዎቹ እየተለማመዱ ነበር። ረድኤት ስታያቸው ደጋኗን አወረደች፤ እሳቸው ግን እሷን ምንም አላሏትም። በቀጥታ የሄዱት ቫዮላ ወደሚጫወተው ወደ ኢዮስያስ ነው።

"ቼሎ ተጫዋቿ እዚያ አፋፍ ላይ ስትደርስ አንተ የምታየው የት ነው?"

"ኖታዬን ነዋ፣ እትዬ።"

"ኖታውን በቃልህ ታውቀዋለህ። እሷን እያት። በጠፋባት ጊዜ ሁሉ አትግባ፤ ጠብቃት።"

"እስከ መቼ?"

"እስክትመጣ።"

"ምቱ ቢበላሽስ?"

"ምት ይመለሳል ልጄ። ጥለኸው የሄድከውን ሰው መመለስ ነው የሚያስቸግረው።"

የኮንሰርቱ እሑድ ደረሰ። አዳራሹ ያው አዳራሽ ነው፤ ከረባት ያሰረ ግን ከአቶ በላቸው በቀር አልነበረም። ተማሪዎቹ የቪየናዎቹን ሥራ በደህና ተጫወቱ። ከዕረፍት በኋላ ያ ክፍል ተጀመረ። ዜማው ወደ ላይ ወጣ፣ አፋፉ ላይ ደረሰ። ወይዘሮ ውባለም የቀሚሳቸውን ጫፍ ጨብጠው ጠበቁ።

ረድኤት አልቆመችም። እጇ ዘለለ፣ ድምፁን በአንድ ጊዜ አገኘው፣ አለፈች። ለካ ያ ቦታ ለእሷ የሚያስፈራ አልነበረም። ወይዘሮ ውባለም የጨበጡትን ቀሚስ ለቀቁ። በቃ፣ የይገዙ ዝምታ ከእንግዲህ አይሰማም ብለው አዘኑ፤ የእውነት አዘኑ።

ነገር ግን ዳገት የጨረሰ ሰው ሜዳ ላይ ይደናቀፋል። ረድኤት አስቸጋሪውን በማለፏ ተዘናጋችና ከዚያ ቀጥሎ ባለው፣ ጀማሪ እንኳ በሚጫወተው ቀላል ቦታ ላይ መንገዱ ጠፋት። ደጋኗ ቆመ። ፊቷ ዐመድ መሰለ።

ኢዮስያስ አያት። ደጋኑን ከክሩ ላይ አነሣና ጠበቀ። ሁለቱ ቫዮሊኖችም ቆሙ። ከዚያ በፊት ማንም ሰምቶት በማያውቅ ቦታ ላይ ዝምታ ሆነ። ረድኤት ቀና ብላ የጓደኞቿን ፊት አየች፤ የተቆጣ የለም፣ የቸኮለም የለም። ተነፈሰች። ከዚያ ያ ቀላል፣ ዝቅ ያለ ድምፅ መጣ። ከዚያ ጉንፋናም ቼሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ ይወጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ከኋላ ረድፍ አንድ ሰው ሲያለቅስ ተሰማ። ወይዘሮ ውባለም ዓይናቸውን አልጨፈኑም፤ የቫዮላውን ልጅ እያዩ እንባቸው ይወርድ ነበር።

ጭብጨባው ሲያበቃ ረድኤት አንገቷን ደፍታ መጣች።

"ይቅርታ እትዬ። እንደ እሳቸው አልተጫወትኩም።"

"አልተጫወትሽም" አሉ ወይዘሮ ውባለም። "እንኳንም አልተጫወትሽ! ነገ ጠዋት ከጓደኞችሽ ጋር ነይና ቼሎውን ውሰጂ። ከባድ ነው፣ ብቻሽን አትችዪውም።"

ቼሎው መጀመሪያ ላይ አኩርፎ ነበር ይባላል፤ ብዙ ዘመን ዝም ያለ እንጨት ቶሎ አይናገርም። እየዋለ እያደረ ግን ድምፁ ተከፈተ። የይገዙን ድምፅ ግን አላወጣም፤ የረድኤትን ነው ያወጣው።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ያለፈ ሰው ሲናፍቀን የምናስታውሰው የእሱን ችሎታ ብቻ ነው። እንዲያምርበት ዙሪያውን ከብበው የጠበቁትን እንረሳለን፤ ከጠበቁት አንዱ እኛው እንደነበርን እንኳ እንረሳለን። ከዚያ ብድግ ብለን የዛሬዎቹን "እንደ እነሱ አይደላችሁም" እያልን እንወቅሳለን። እውነት ነው፣ እንደ እነሱ አይደሉም፤ አይሆኑምም። ያ የሚናፍቀን ዘመን ደግ የሆነልን የሚደናቀፍ ሰው ስላልነበረበት አልነበረም። የተደናቀፈውን ቆሞ የሚጠብቅ ስለነበረ ነው። መጠበቅ ደግሞ ከሙታን ጋር አልተቀበረም፤ ዛሬም በእጃችን ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ፦ በቤታችሁ፣ በሥራ ቦታችሁ፣ ከአጠገባችሁ መንገዱ የጠፋበት ማን አለ? እየጠበቃችሁት ነው፣ ወይስ ከሞተ ሰው ጋር እያወዳደራችሁት?