በክት ላለማለት

ስሟን ባልጠራው የምመርጣት፣ መስጊዷ ከጽሕፈት ቤቶቿ በብዙ ዘመን የሚቀድም አንዲት ከተማ አለች። በከተማዋ ዳር ሼህ ጦይብ የሚባሉ፣ የሚያርሱም ለተማሪ ኪታብ የሚያቀሩም አዛውንት ይኖሩ ነበር። ንግግራቸው ቁጥብ ነው፤ ሹም ፊት ሲቆሙም አይሽቆጠቆጡም።

ሁለት ዓመት ዝናብ ጠፋ። ከብቱ መቆም አቃተው። ሰዉ ኢንሻአላህ ነገ ይዘንባል እያለ ሲጠብቅ ከብቱ በክት ሆኖ ቀረበት። ሼህ ጦይብ አልጠበቁም። የከብቶቻቸው ነፍስ ሳትወጣ ቢስሚላህ እያሉ ዘጠኙንም አረዱ። ሥጋው አጥንት ላይ የተጣበቀ ቢሆንም ለመንደሩ በሙሉ አካፈሉት እንጂ አንዲት ቁራጭ አልሸጡም። በዚያ ረመዳን ብዙ ቤት ያፈጠረው በእሳቸው መረቅ ነው።

ዝናቡ ሲመለስ መንግሥት ከብት ላለቀበት ገበሬ ካሳ እከፍላለሁ አለ። ካሳው ለሼሁ ጥንድ በሬ ይገዛል። ካልተገኘ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው መሬታቸውን በዶማ መቆፈራቸው ነው።

መዝጋቢው ባዬ የሚባል ደግ ወጣት ነበር። ቅጹን እያሳያቸው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሼህ፣ ክፍያው በድርቅ ለሞተ ብቻ ነው። ባለቤቱ ያረደው ተጠቅሞበታል ተብሎ አይከፈልበትም። ‹ሞተ› የሚለው ላይ ምልክት ላድርግልዎት፤ እርስዎ ይፈርሙ።»

ከሰልፉ ሽኩር የሚባል ጎረቤታቸው ጮኸ። እሱ ሦስት ከብት አርዶ ሥጋውን ቸርችሯል፤ ግን «ሞቱ» ብሎ ቀድሞ ፈርሟል።

«ይፈርሙ እንጂ ሼህዬ! በሬዎቹ ተነሥተው አይመሰክሩብዎት!»

ሰልፉ ሳቀ። ሼሁም ፈገግ አሉ።

«ሽኩር፣ የዳልቻውን በሬ ሥጋ በልተሃል?»

«በልቻለሁ፤ አልሐምዱሊላህ። ጥርሴን ግን ሊያወልቀው ነበር!»

«ሞቶ ነበር ብዬ ብፈርም፣ በክት አብልቼሃለሁ ማለት ነው። ሚስትህንም፣ ልጆችህንም። መስጊዱን ሙሉ።»

ሳቁ ቆመ። ባዬ ክርስቲያን ነው፤ በክት ግን በእሱም ቤት ነውር ነው። እንደ ማፈር ብሎ፣

«ወረቀት እኮ ነው ሼህ፤» አለ።

«ስሜ አለበት።»

እስክሪብቶውን ተቀብለው ‹በባለቤቱ የታረደ› የሚለው ላይ በየከብቱ ተራ ዘጠኝ ጊዜ ምልክት አደረጉ፤ ፈረሙ፤ አሰላምተው ወጡ።

ያን ክረምት ሼሁ በዶማ ቆፈሩ። አንድ ቀን ሽኩር አዲሶቹን በሬዎቹን እየነዳ በማሳቸው ዳር ሲያልፍ ቆመ።

«ሼህዬ፣ በአንዲት ቃል እኮ ነው ሁሉን ያጡት!»

ሼህ ጦይብ ዶማቸውን ተደግፈው ቀና አሉ።

«ሁሉን አላጣሁም ሽኩር። ያጣሁት ከብት ነው።»

ውድ አንባብያን፣ ይህን ቃል ስሰማ ተምሬያለሁ የምል ሰው ነበርኩ። በፈተና ያገኘሁትን ቦታ በአንድ የሐሰት ፊርማ የወሰደብኝ ሰው አለ፤ ዛሬም እዚያው ወንበር ላይ ነው። እኔም ስንት ዓመት ያጣሁትን ስቆጥር ኖሬያለሁ። ሼሁ ግን የጠፋውን በስሙ ጠሩት፤ ከብት ነው አሉ፤ ወደ ቁፋሯቸው ተመለሱ። ሐላል ያበላ ሰው መሆናቸው በእጃቸው ቀርቷል፤ ያንን የሚከፍልም የሚነፍግም መሥሪያ ቤት የለም። ሽኩር ግን በገዛ ፊርማው ለጎረቤቶቹ በክት የሸጠ ሰው ሆኖ ተመዝግቧል። ከዚያ መዝገብ የሚፍቀው ማን ነው?

ዑለሞቻችን ኪብር፣ ኩራት ማለት ነው፣ ለአላህ ባሪያ አይገባም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። አላህ ይማረኝና፣ የሼህ ጦይብ አገር ልጅ ነኝ ስል ግን አንገቴ ቀና ይላል።